ቁጥር አሥራ አራት

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ገበያው ሲጋጋም፣
ከዘጌ በጀልባ የመጣች አንዲት ሴት፣ ብዙ አትናገርም፤
ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ፣
አንዲት ጠገራ ብር ከምንይችል ሚዛን አኖረች አውጥታ።

አንጥረኛው ምንይችል፣ መነጽሩን ሰቅሎ ግንባሩ ላይ፣
«ሃያ ሰባት ግራም፣ ከምናምን» አለ፣ ፊቷን እንኳ ሳያይ።
ለእሱ ያቺ ንግሥት ገና ያልቀለጠች የሙሽራ ጉትቻ ናት፣
ለእሑዱ ሠርግ ትደርሳለች፣ ዛሬ ማታ ካደረች በእሳት።

ጣልቃ ገባሁ።
«እኔ እጨምራለሁ!» ድምፄ ተሰበረብኝ እንደ ልጅ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ጥጥ የመዘንኩ ሰው፣ በጨርቃ ጨርቁ ደጅ፣
ኪሎ ሽርፍራፊ ያላሳለፍኩ ጸሐፊ፣
ዛሬ የወር ጡረታ በአንድ እጅ ዘርጋፊ።

ስሟን ጠየቅኋት፤ «አንጓች» አለች።
ብሩ ከየት መጣ? «ከእናቴ ሙዳይ» አለች።
«የቡና ዋጋ ነው፣ አባቷ ከነጋዴ የተቀበለው፤
ንብረት ሲከፈል አንድ ደረሳት፤ ከዚያ ወዲያ ያለው
እኔ አላውቅም» ብላ፣ እጄን እያየች፣
«ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮ ልገዛ ነው» ብላ ተነሣች።

ከሐይቁ ዳር ሁለት መንገድ ገባ ብሎ ነው ቤቴ፤
እዚያ፣ በብስኩት ጣሳ ውስጥ፣ በቀይ ከፋይ ላይ ተኝቷል ሀብቴ፦
አሥራ ሦስት ጊዜ ያችው አንዲት ሴት፣
ያው የመበለት ሻሽ፣ ያው የደረት ሙላት፣
ከጀርባዋም ያው ባለ ሁለት ራስ ንስር፣
ያው ሺህ ሰባት መቶ ሰማንያ፣ የሞተችበት ዓመት፣ እንደቆመ የሚኖር።

ሚስቴ ውባለም ክዳኑ ሲከፈት በሰማች ቁጥር፣
«አንዲት ሴት አሥራ ሦስት ጊዜ የገዛ ወንድ» ትላለች፣ «አላየሁም በምድር።»
እስቃለሁ። ግን አንድ አይደሉም፤ በማጉያ መስታወት ሲታዩ
የትከሻዋ ዕንቁ፣ የንስሩ ጭራ፣ ለሚያውቅ ይለያዩ፦
አንዷ ከቪየና፣ አንዷ ከሮም፣ አንዷ ከለንደን ማተሚያ፣
እመቤቲቱ አፈር ከሆነች መቶ ዓመት አልፎም የምትወለድ ለገበያ።
አዲሷን ከጥጉ አስተኛኋት፤ መዝገቤን አውጥቼ፣
«ቁጥር አሥራ አራት። ዘጌ። ዕንቁ ዘጠኝ» ብዬ ዘጋሁት፣ ቀኑን ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ተረጋግቼ።

ሰኔ ገባ። ሐይቁ ደፈረሰ።
አንድ ማለዳ በሩ ተንኳኳ፤ አንጓች ናት፣ ነጠላዋ ርሶ።
«ቆርቆሮው ተመታ» አለች፤ «ዝናቡ ሲወርድበት
እናቴ ብሯን ከወፍጮ ድንጋይ ላይ ስትጥላት ይመስለኛል፣
በየዓመቱ አንዴ ታስጮኻት ነበር፣ ሌባ እንዳልለወጣት ልታውቅ።
መልሼ ልገዛት አይደለም። ድምፅዋን ልስማና ልሂድ።»

አሥራ አራቱንም ከሲሚንቶው ወለል ላይ ደረደርኩላት።
መስታወቴን አልነካችም። ዓይኗን ጨፍና፣
አንዷን አንሥታ ጣለች፣ አዳመጠች፤
«አይደለችም።» ሌላ። «አይደለችም።» ሌላ።
አሥራ አራተኛዋንም ጣለቻት፣
«አይደለችም» አለች፣ እንደሌሎቹ።

እንደገና ጀመረች። በስድስተኛዋ ላይ እጇ ቆመ፤
ድምፁ በክፍሉ ዞረ፣ በመስኮቱ ወጣ።
«ይቺ ናት» አለች፤ ጉንጯ ላይ የወረደው
ዝናብ ይሁን ሌላ፣ አልጠየቅሁም።

ስድስት ቁጥር! ከጎንደር የመጣች፣ ከሦስት ዓመት በፊት፣
የለንደን ልጅ፣ ደረሰኟ ሳይቀር ያለ።
በሐሰት ሚዛን ያልተያዘው ምላሴ ታሰረ።
«አዎ» አላልኩም። «አይደለም»ም አላልኩም።
ብሯን በእርጥብ ነጠላዋ ጠረገቻት፣
ከቦታዋ መለሰቻት፣ የአራት ሰዓቱ ጀልባ እንዳያመልጣት ሮጠች።

ሌሊት ዝናቡ ሲበረታ ሁለቱን ይዤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።
ስድስትን ጣልኩ። አሥራ አራትን ጣልኩ።
ለእኔ ጆሮ አንድ ናቸው።
መዝገቤን ገለጥኩ፤ «ዘጌ» ከሚለው ላይ ብዕሬን አሳረፍኩ፣
አልሰረዝኩም፣ አላነሣሁምም፤ ቀለሙ እየሰፋ ወረቀቱን ጠጣው።
ከመኝታ ቤት የውባለም ድምፅ፣ እንቅልፍ የተጫነው፦
«ዛሬ ደግሞ የትኛዋ ናት የምታናግርህ?»